ማንም የማያነባቸው ባይቶች

ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ወሬ ነው። በመሰናበቻው ግብዣ ላይ እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች አንዲት ባልደረባዬ፣ "አንክል፣ ኢተርኔት እኮ ኬብሉን መሰካት ነው፣ ዛትስ ኦል። ሦስት ዓመት ሙሉ ምኑን ስትሠሩት ነበር?" አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አልተሳሳተችም፤ ዛሬ ኬብል ይሰካል፣ ይሠራል። ዕድሜያችንን የጨረስንበት ነገር ዛሬ ለማንም አለመታየቱ በደንብ ስለተሠራ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄዋ አልለቀኝ አለ፤ በዚያ ሦስት ዓመት ውስጥ የነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ለማንም አጫውቼው የማላውቅ አንድ ጠዋት አለና። ይህን የምጽፈው ለዚያ ጠዋት ብዬ ነው፤ ሌላውን እግረ መንገዴን አነሣዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ በስልክ መሥመር ጥገና ነው። ምሰሶ ላይ መውጣት፣ ጉድጓድ ውስጥ መግባት፣ የተበጠሰ ሽቦ መቀጠል። ናይሮቢ የመጣሁት በደርግ ዘመን ለስድስት ወር ኮርስ ተልኬ ነው። ኮርሱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አብረውኝ ይሠሩ ከነበሩት ሁለቱ መታሰራቸውን ሰማሁና እዚያው ቀረሁ። መጀመሪያ በአንድ ባንክ ማሽን ክፍል ውስጥ ቴፕ ቀያሪ ሆንኩ። ቀጥሎ ዌስትላንድስ ውስጥ ኮምፒውተር የሚሸጥ ድርጅት ገባሁ። አለቃው ከሽያጭ ሌላ የሚታየው ነገር አልነበረም፤ ቢሆንም የማሽኖቹን መጻሕፍት ቤት ወስጄ እንዳነብ ይፈቅድልኝ ስለነበር አላማውም። ደመወዙ ለካሳራኒ የቤት ኪራይና ማታቱ ለሚባለው ሚኒባስ ታክሲ ይበቃ ነበር። የሥራ ፈቃድ ለማሳደስ በየዓመቱ የተሰለፍኩትን ሰልፍ አላነሣውም፤ ባነሣው ደሜ ይፈላል።

ከዚያ ላቪንግተን ውስጥ ግቢው ሰፊ፣ ቤቱ አሮጌ የሆነ የስደተኞች ጉዳይ ድርጅት ቀጠረኝ። ስሙን አልጠራም። ኃላፊው ሚስተር ላርሰን የሚባሉ ረጅም ፈረንጅ ነበሩ። ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት ሲሠራና ሲቆም ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሰው ሲናገር አያቋርጡም፣ ይህ ደግሞ በአለቃ ላይ ብዙ ጊዜ ያላየሁት ጠባይ ነው። ማሽን ክፍሉን የሚያዝዙት ግን ሚስስ ንጄሪ ነበሩ፤ ሃምሳ ዓመት የተጠጋቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ኬንያዊት። እሳቸውም እንደኔ ከስልክ ቤት የመጡ ስለነበሩ በመጀመሪያው ቀን እጄን ገልብጠው የምሰሶ ጠባሳ ፈለጉ። ሲያገኙ "ካሪቡ፣ ኪጃና" ብለው በስዋሂሊ ተቀበሉኝና ወንበር ሳቡልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ "ጎረምሳው" እንደማለት ኪጃና ሆኜ ቀረሁ።

የሚስስ ንጄሪ አሠራር ያኔ ያናድደኝ ነበር። ባለ አራት ማዕዘን መስመር የሒሳብ ደብተር አላቸው። በሽቦው ላይ የሚያልፈውን መልእክት ባይት በባይት፣ ማለት ፊደል በፊደል፣ በየሳጥኗ አንድ አንድ እያደረጉ በእርሳስ ይጽፉታል። ማንም የማያነባቸውን የመጨረሻዎቹን ባይቶች እንኳ አይተዉም። "ማሽኑ የላከውን ሁሉ እኔም መጻፍ አለብኝ" ይላሉ። አዲስ ፕሮግራም ከመሞከራቸው በፊት ደግሞ የማሽኑን ማኅደር፣ ሜሞሪውን፣ ከዳር እስከ ዳር በኤክስ ፊደል ይሞሉታል። ንጹሕ ማሽን ላይ ሁሉም ፕሮግራም ጨዋ ይመስላል፣ መጀመሪያ አቆሽሸው ነው ነገራቸው። ማቆሸሹ ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል። ሙከራው ሲያልቅም "ሠራ" አይሉም፤ "እስካሁን አልወደቀም" ነው የሚሉት።

ሥራችንን በአጭሩ ላስረዳ። ኮምፒውተሮች በኢተርኔት ሽቦ ሲነጋገሩ መልእክታቸውን ፍሬም በሚባሉ ቁራጮች ይከፍሉታል። ፍሬም አድራሻ የተጻፈበት ፖስታ ነው በሉት። መጀመሪያ የተቀባዩ አድራሻ፣ ከዚያ የላኪው፣ ከዚያ ሁለት ባይት፣ ከዚያ መልእክቱ ይመጣል። ጣጣው ያለው እነዚያ ሁለት ባይቶች ላይ ነው። በአሮጌው አሠራር ሁለቱ ባይቶች የሚናገሩት የመልእክቱን ዓይነት ነው፤ መልእክቱ የት እንደሚያበቃ ግን አይናገሩም። በአዲሱ አሠራር ርዝመቱን ይናገራሉ፤ ዓይነቱን ለመንገር ደግሞ መልእክቱ ፊት ሦስት ተጨማሪ ባይቶች ይለጠፋሉ። የእኛ ትልቁ ማሽን አሮጌውን ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ማተሚያው የተገናኘበት ሳጥንም እንደዚሁ። ለስደተኞቹ ቃለ መጠይቅ አድራጊዎች የመጡት አዳዲስ ፒሲዎች ግን የሚናገሩት አዲሱን ነው። በአንድ ሽቦ ላይ ሁለቱም ይሮጣሉ፣ ግማሹ ቤት ግማሹን አይሰማም።

የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ምንጭ ኮድ በእጃችን ስለነበር ትልቁ ማሽን ሁለቱንም እንዲያውቅ የማድረጉ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። መቀበሉ ቀላል ሆነ። አንድ ፍሬም ከ1500 ባይት በላይ አይሸከምም፤ ስለዚህ በሁለቱ ባይቶች ያለው ቁጥር ከ1500 ካልበለጠ ርዝመት ነው፣ ከበለጠ ዓይነት ነው። አንድ መስመር ኮድ ነች፤ እሷን ለማግኘት ግን ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። በመሃል ርዝመቱን ጽፎ ሦስቱን ባይቶች የማይለጥፍ፣ ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ዓይነት ብቅ አለና ሌላ ሳምንት በላኝ። ያን ዓይነት የፈጠረውን ሰው ባገኘው የምለው ነበረኝ።

ያበላሸሁት በመላኩ በኩል ነው። ፍሬም ከመጠን በታች ማጠር አይችልም። መልእክቱ ከአርባ ስድስት ባይት ካነሰ ቀሪው በማሟያ ይሞላል። የድሮው ኮድ ማሟያውን በዜሮ ይሞላ ነበር። እኔ ይህን ሳይ፣ ርዝመቱ ተጽፎ እያለ ተቀባዩ የማያነበውን ቦታ ዜሮ ስሞላ ለምን ጊዜ አጠፋለሁ ብዬ ያንን የኮድ መስመር አወጣሁት። ማሽኑ በእርግጥ ፈጠነ፤ ኩራት ቢጤም ተሰማኝ። የረሳሁት አሮጌው ፍሬም ርዝመት የማይናገር መሆኑን ነው። የማተሚያው ሳጥን የሚያትመውን ጽሑፍ መጨረሻ የሚያውቀው ዜሮ ሲያገኝ ብቻ ነበር። ዜሮ ካላገኘ ማሟያውንም ጽሑፍ ነው ብሎ ያትመዋል። ማሟያው ደግሞ ባዶ አይደለም። ቀደም ሲል በዚያው ቦታ ላይ ያለፈ የሌላ መልእክት ቅሪት አለበት።

ሚስስ ንጄሪ ያን ሳምንት ለልጃቸው ሠርግ ኒየሪ ሄደው ነበር። ሲወጡ "ቆሻሻውን ሳትሞላ እንዳትሞክር" ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ማሽኑን አጥፍቼ አስነሣሁትና ማኅደሩ በዜሮ የተሞላ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሞከርኩት። አንድም ስህተት አልነበረም። በማግስቱ ሥራ ላይ አዋልኩት።

አሁን የሰሌዳውን ነገር ልንገራችሁ። ከግቢው በር ውጭ በዚያው ማተሚያ የታተመ የቀኑ ባለተራዎች ዝርዝር በየጠዋቱ የሚለጠፍበት ሰሌዳ አለ። ዝርዝሩ ላይ ስም አይወጣም፣ የመዝገብ ቁጥርና የክፍል ቁጥር ብቻ ነው። ይህን ያመጡት እዚያ በር ላይ የሚቆሙት የአገሬ ሰዎች ናቸው። በሩ አጠገብ ወሬ ለቅሞ ወደ አገር ቤት የሚያቀብል እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ማን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። ስለዚህ እርስ በርሳቸው እንኳ በስም አይጠራሩም። "ሃያ ሁለት አሥራ ስምንት፣ እንዴት አደርክ?" "አለሁ፣ ዘጠኝ መቶ አራት፤ አንቺስ?" እየተባባሉ ይቀላለዱ ነበር። ተራቸው ያልደረሰ ሰዎችም ጠዋት ጠዋት መጥተው ሰሌዳውን ያነባሉ።

አዲሱ ኮድ ሥራ ላይ በዋለበት ጠዋት፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ዘበኛው አንድ ሰው ይፈልግሃል ብሎ ጠራኝ። አማርኛ የምናገር እኔ ብቻ ስለነበርኩ ግራ የገባው ሁሉ ወደ እኔ ነበር የሚላከው። ትከሻው ላይ የማያርፍ ሰፊ ጃኬት የለበሰ፣ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው ቀጭን ወጣት ቆሟል። ሮጦ የመጣ ይመስል ያለከልካል።

"ጋሼ፣ ክፍል አራት በየት በኩል ነው?"

"ተራህ ደርሷል?"

"የእኔ ተራ አይደለም። አባቴ እዚያ ነው። ስሙ ወጥቷል፣ አሁን አነበብኩት። ጌታሁን ወልደየስ፣ ክፍል አራት ይላል።" ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት በርቷል። "መቼ ነው የመጣው? በሞያሌ ነው? እግሩን እኮ ያመዋል፣ ማን አመጣው? እባክዎ ያስገቡኝ፣ ከበር ላይ ሆኜ ልየው።"

ወደ ሰሌዳው ሄድኩ። ከአርባ ሁለቱ መስመሮች አምስቱ ጭራ አብቅለዋል። የአራቱ ጭራ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ስብርባሪ ነው። አምስተኛው ላይ፣ የሃያ ሁለት አሥራ ስምንት ቁጥርና ክፍል አራት ከሚለው ጋር ተጣብቆ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ጌታሁን ወልደየስ የሚል አለ። ወረቀቱን ገንጥዬ ኪሴ ከተትኩት። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ተለጥፎ ነበር።

"አንተ ስምህ ማነው?" አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"መስፍን።"

"መስፍን፣ አባትህ አልመጡም። የማተሚያ ስህተት ነው።"

መብራቱ ከፊቱ ሲጠፋ አየሁት። "ማተሚያው የአባቴን ስም ከየት ያውቀዋል?" አለኝ።

ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አስቀመጥኩትና እሱው ነገረኝ። ደቡብ ካለ የጦር ሰፈር ነው የጠፋው። የደንብ ልብሱን ዳዋ ወንዝ ዳር አውልቆ ጥሎ፣ ውሃ ወሰደው እንዲባል አድርጎ ተሻገረ። ከአንድ የሞያሌ ነጋዴ እንደሰማው፣ እንዳሰበውም ሆነ። ለቤተሰቡ ሞቷል ተብሎ ተነገረ፤ ደብረ ብርሃን ድንኳን ተጥሎ ተለቀሰ፤ አባቱ እስካሁን ጥቁር እንደለበሱ ናቸው። ሦስት ዓመት አንድ ደብዳቤ አልጻፈም። የከዳ ወታደር አባት ከመሆን የሞተ ወታደር አባት መሆን ይሻላቸዋል ብሎ ነው። ጣቶቹን እያፍተለተለ፣ "ስህተት ከሆነ ስህተት ነው" ብሎ ተነሥቶ ሄደ። የማን ስህተት እንደሆነ አልነገርኩትም።

ከሰዓት በኋላ ለራሴ ደብተር ገዛሁና እንደ ሚስስ ንጄሪ ፍሬሙን በየሳጥኗ ጻፍኩት። የሰሌዳው መስመር አሥር ፊደል ነው፦ ቁጥሩ አራት፣ ባዶ ቦታ አንድ፣ ክፍል የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አራት፣ የክፍሉ ቁጥር አንድ። በዚያው ቦታ ከዚያ በፊት ያለፈው መልእክት ወደ አንዱ ፒሲ የሄደ የመስፍን መዝገብ ነበር። እሱ በአዲሱ አሠራር ስለተላከ ፊቱ ላይ ሦስቱ ተጨማሪ ባይቶች አሉት። አሥር ሲቀነስ ሦስት፣ ሰባት። መስፍን የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ስድስት ፊደል ነው፣ ከኋላው አንድ ባዶ ቦታ፣ ሰባት። አዲሱ መስመር የልጁን ስም ልክክ አድርጎ ሸፍኖ የአባቱንና የአያቱን ስም ትቶታል። በእኛ ዘንድ የአባትና የአያት ስም ለብቻው ሲጻፍ የአባትየው ሙሉ ስም ነው። ያነበበ ሁሉ የሚረዳው ጌታሁን ወልደየስ የሚባል ሰው ናይሮቢ ገብቶ መመዝገቡን ነው። ልጃቸውም የተረዳው ይህንኑ ነበር።

ዜሮ የምትሞላዋን መስመር መለስኳት። አሥር ደቂቃ አልወሰደብኝም።

ሚስስ ንጄሪ ሰኞ ሲመለሱ ደብተሩን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻዋ ሳጥን አነበቡት።

"ከሙከራው በፊት ምን ሞላህበት?"

"ምንም።"

"ምንም አይደለም፤ ዜሮ ነው የሞላኸው። ዜሮ ደግሞ ለአንተ ያደላልሃል።" ደብተሩን ዘጉት። "ላርሰን ያውቃሉ?"

"አያውቁም።"

"ልጁስ?"

"የማተሚያ ስህተት ነው ብዬዋለሁ።"

አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ኪጃና፣ ስልክ ቤት ሳለሁ መስመር አሳስቼ የሰው ምስጢር ለሌላ ሰው ጆሮ አሰምቼ አውቃለሁ። ለባለቤቱ ሳልነግር ቀረሁ። ስምንት ወር እንቅልፍ አልነበረኝም፣ ከዚያ ሰውየው ሞተ። አንተ ዛሬውኑ ሂድ" አሉኝ።

ሚስተር ላርሰን እንደ ልማዳቸው ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ዝርዝሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእጅ እንዲጻፍ አዘዙ፤ የመስፍንንም ጉዳይ ወደ ፊት እንዲያመጡት አደረጉ። እኔን ሊያባርሩኝ ይችሉ ነበር። ለምን እንዳላባረሩኝ አልጠየቅሁም።

መስፍንን ያገኘሁት ከሁለት ሌሎች ልጆች ጋር ተከራይቶ በሚኖርበት ክፍል ነው። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ማሟያውን፣ ዜሮውን፣ ሰባቱን ፊደሎች። ደብተሬንም አሳየሁት። ሳጥኖቹን በጣቱ እየቆጠረ ተከተለኝና የአባቱ ስም መጀመሪያ ላይ ሲደርስ ጣቱን አቆመ።

"ይህችን መስመር ያወጣት ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ሆን ብለው?"

"እንዲፈጥን ብዬ።"

"ምን ያህል ፈጠነ?"

የማይታይ ያህል ነው። ያን ነገርኩት። ደብተሩን አጥፎ መለሰልኝና፣ "ደህና ይሂዱ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ግቢው ሲመጣ ያየኛል፣ ራሱን ዝቅ ያደርግልኛል፣ አያናግረኝም። እኔም መቅረብ አፈርኩ። አባትየው ላይ ምን ይደርስ ይሆን እያልኩ ስንት ወር ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ምናልባት ያነበበው የለም እያልኩ ራሴን ለማታለል የሞከርኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ሥራዬን ግን ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ ማኅደሩን ሳላቆሽሽ የሞከርኩት አንድም ፕሮግራም የለም።

ወሬው የመጣው ከሰባት ወር በኋላ ነው። አንድ እሑድ ቀትር ላይ የካሳራኒ ቤቴ በር ተንኳኳ። መስፍን ነው። ግባ ብዬ ወንበር ሰጠሁት፣ ሻይ ቀዳሁለት። ኢስትሊ ሰፈር ጨርቅ የሚሸጥ አብዱ የሚባል የሞያሌ ነጋዴ መልእክት በቃል አድርሶለታል።

"ቀበሌው አባቴን ጠርቶታል" አለ። "ናይሮቢ በስደተኛነት ተመዝግበሃል ብለው። አባቴ ሊቀመንበሩ ፊት ተቀምጦ፣ ይኸው አለሁ፣ የት ሄድኩ? አላቸው። ስምህ ሰሌዳ ላይ ተነቧል አሉት። ክፍል አራት ሳይቀር ነገሩት።" ብርጭቆውን አልነካውም። "ወንድ ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። የእሱና የአባቱ ስም ተከታትሎ አንድ መዝገብ ላይ ከተገኘ ከፊቱ ማን ሊኖር እንደሚችል እሱ ወዲያው ገባው። ከእነሱ በፊት ገባው። እዚያው ወንበር ላይ አለቀሰ አለኝ አብዱ። ከዚያ ለእነሱም ገባቸው። አሰሩት።"

"አሁንስ?"

"አሁንም እዚያው ነው።"

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ እንደማይመጥን ስላወቅሁ ዋጥኩት።

"ለምን እንደመጣሁ ታውቃለህ?" አለኝ። እስከዚያ ቀን እርስዎ ሲለኝ ነበር። "መልእክት አለብኝ። አባቴ ልጄ መኖሩን ባወቅሁ በማግስቱ ጥቁሩን አውልቄ ለጠባቂው ሰጠሁት ብሏል። ደግሞ ስሜን እዚያ ሰሌዳ ላይ ያወጣውን ሰው ፈልገህ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አባቴ እግዜር ይባርክህ ብሎሃል በለው ብሏል።"

አንገቴን ደፋሁ። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም።

"እንግዲህ አድርሻለሁ" አለ ከወንበሩ ተነሥቶ። "ምርቃቱ የአባቴ ነው። እኔ ይቅር አላልኩህም።"

ሻዩን አልጠጣውም። ጃኬቴን አንሥቼ ተከተልኩት፤ ተመለስ አላለኝም። ማታቱው እስኪሞላ አጠገቡ ቆምኩ።